የቡና ነገር በባሮ ዳር

ብርብርና ገባ የተባሉት ወንዞች ከምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋ ወርደው በተገናኙበት ሥፍራ ባሮ የተባለው ታላቅ ወንዝ ይጀምራል፤ ከገደሉም ሥር ሜዳውን ባገኘ ጊዜ ኃይሉን አብርዶ፣ መንገዱን አስፍቶ፣ መርከብ የሚሸከም ውሃ ይሆናል። ውሃው መርከብ መሸከም በሚጀምርበት በዚያ ዳርቻ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ500 ሜትር እምብዛም በማይበልጥ ከፍታ ላይ፣ የጋምቤላ ከተማ ተመሥርታለች። ከተማይቱ ያለችበት ሜዳ ሙቀቱ የበረታ ስለሆነ ለቡና ዛፍ አይስማማም፤ ሆኖም በአፄ ምኒልክ ዘመን ማብቂያና ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት የወለጋና የኢሉባቦር ቡና ወደ ውጭ አገር የሚወጣበት ደጅ እርሷ ነበረች። ስለዚህ የቡናን ፍሬ ጠባይ መርምሮ በቤቱ የተሻለ ቡና ለመጠጣት የሚሻ ሰው ትምህርቱን ከጋምቤላ ወደብ ቢጀምር የሚገባ ነው፤ በተራራ ላይ በክብር የተወለደ ፍሬ ሲኒ ውስጥ ሳይደርስ ጸጋውን በምን እንደሚያጣ፣ ጸጋውም በምን ዓይነት ትጋት ሊጠበቅ እንደሚችል የዚያች ወደብ ታሪክ አጉልቶ ያሳያልና።

ነገሩን ከሥረ መሠረቱ ለመረዳት አስቀድሞ ስለ ዛፉ መናገር ይገባል። በዓለም ገበያ የሚሸጠው ቡና በአብዛኛው ከሁለት ወገን የሚገኝ ሲሆን አንደኛው አረቢካ፣ ሁለተኛው ሮቡስታ ይባላል፤ የኢትዮጵያ ቡና አረቢካ ነው። ይህ ዛፍ ማንም ሳይተክለው በጫካ ጥላ ሥር በገዛ ራሱ ሲበቅል የሚገኘው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ውስጥና በጋምቤላ አጎራባች በሆነው በደቡብ ሱዳኑ የቦማ አምባ ላይ ነው። የሚስማማው ከፍታ ከ1000 እስከ 2000 ሜትር ገደማ፣ የሚስማማውም የአየር ሙቀት ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ያህል ነው። በጋምቤላ ሜዳ ግን ዝናብ ከመግባቱ በፊት ባሉት ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚደርስ ዛፉ ቢተከል እንኳ ይሰቃያል። በአንጻሩ በደጋው ቅዝቃዜ ፍሬው በዝግታ ይበስላል፤ በዝግታ የበሰለ ፍሬም ከእናቱ ዛፍ የሚቀበለውን ሲሳይ ሳይቸኩል ስለሚያከማች ውስጡ ይጠነክራል፣ ክብደቱም ይጨምራል፣ በእሳት ላይ በዋለ ጊዜ የሚገልጠው መዓዛና ለምላስ የሚሰማው ደስ የሚል ኮምጣጣነትም ከዚያ የመነጨ ነው። የቡናን ፍሬ መረዳት የሚጀምረው እንግዲህ የበቀለበትን ተራራ ከመጠየቅ ነው።

የጋምቤላ ክልል ግን በሙሉ ሜዳ አይደለም። በክልሉ ምሥራቃዊ ጠርዝ፣ ምድሩ ወደ ደጋው በሚያቀናበት በመዠንግር ዞን፣ በጎደሬና በመንገሺ ወረዳዎች፣ ቡና በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። የመዠንግር ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ቀፎውን በረጃጅም ዛፎች ላይ እየሰቀለ ማር የሚቆርጥ፣ ጫካውን እንደ ርስት የሚጠብቅ ሕዝብ ነው፤ ቡናንም ከሌላው ኢትዮጵያዊ በተለየ መንገድ ያውቀዋል። ደገኛው የቡናን ፍሬ ቆልቶና ወቅጦ ሲያፈላ፣ መዠንግሮች የቡናውን ቅጠል በእሳት ለብለብ አድርገው ከቅመማ ቅመም ጋር በማፍላት የመጠጣት ልማድ አላቸው፤ ይህም ልማድ በአጎራባቾቹ የደቡብ ምዕራብ ሕዝቦች ዘንድ የታወቀ ነው። ፍሬው በዓመት አንድ ጊዜ ሲለቀም ቅጠሉ ግን ዓመቱን ሙሉ ስለሚገኝ፣ ለጫካ ኗሪ ቤተሰብ የዘወትር መጠጥ ሊሆን የቻለው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ያ ደን በ2009 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት የመዠንግር ደን ባዮስፌር ተብሎ ተመዝግቧል። መመዝገቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን በሰፈራና በእርሻ መስፋፋት ደኑ እየሳሳ መሄዱ ስለ ቡና ለሚያስብ ሰው ሁሉ ሊያሳስበው የሚገባ ጉዳይ ነው፤ ዛሬ በየአገሩ የሚለማው የአረቢካ ቡና ዘሩ ከእነዚህ ደኖች የተገኘ ነውና፣ ደኑ ሲመነጠር የምድርን ሁሉ የዘር ጎተራ ማቃጠል ይሆናል።

ወደ ወደቡ ታሪክ እንመለስ። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. አፄ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ጆን ሌን ሃሪንግተን በኢትዮጵያና በሱዳን መካከል ስላለው ወሰን በአዲስ አበባ ውል ተፈራረሙ። በውሉ አራተኛ አንቀጽ ንጉሠ ነገሥቱ በባሮ ወንዝ አጠገብ በኢታንግ አካባቢ፣ በወንዙ ዳር የሚኖረው ርዝመት ከ2000 ሜትር፣ ጠቅላላ ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለሱዳን መንግሥት በኪራይ እንዲሰጥ፣ በዚያም የንግድ ጣቢያ እንዲቆም ፈቀዱ፤ መሬቱ ለጦርና ለፖለቲካ ሥራ እንዳይውል፣ ኪራዩም ሱዳን በእንግሊዝና በግብጽ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ብቻ እንዲጸና በውሉ ተጻፈ። ሥፍራው ሲመረመር ግን ከኢታንግ ይልቅ ወደ ደጋው የቀረበችው ጋምቤላ የተሻለች ሆና ስለተገኘች በ1896 ዓ.ም. ጣቢያው በዚያ ተጀመረ። በዚህ ዓይነት፣ የአኙዋ ሕዝብ ኦፔኖ ብሎ በሚጠራው ወንዝ ዳር፣ እርሱ ዓሣ ሲያጠምድበትና ማሽላውንና በቆሎውን ሲያመርትበት በኖረው ምድር ላይ፣ የሱዳን መንግሥት ሹም የሚያስተዳድራት ትንሽ የንግድ ከተማ ተቋቋመች።

ደጋው በዚያን ጊዜ የራሱ ሥርዓት ነበረው። ጎሬ የኢሉባቦር ገዥ የነበሩት የራስ ተሰማ ናደው መቀመጫ ስትሆን የኢሉባቦርን ግብርና ንግድ ትሰበስብ ነበር፤ በቄለም ደምቢ ዶሎ፣ በሌቃ ደግሞ ነቀምቴ የየአካባቢያቸው የገበያ እናቶች ነበሩ። ቡናው በእነዚህ አገሮች ከጥቅምት ጀምሮ ይለቀማል። በዚያ ዘመን ቡናን አጥቦ የማዘጋጀት ጥበብ ገና አልገባም ነበርና ገበሬው ፍሬውን ከነልጣጩ በፀሐይ ላይ አስጥቶ ጀንፈል ያደርገዋል፤ ጀንፈሉም ደርቆ ሲንኳኳ በሙቀጫ ተፈልፍሎ ቅሽር ቡና ይሆናል፤ ከዚያም በፈረሱላ እየተመዘነ ለነጋዴ ይሸጣል። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ያህል ነው። ነጋዴውም ሸክሙን በበቅሎና በአህያ፣ አንዳንዴም በሰው ጫንቃ እያስጫነ፣ ከጎሬ በቡሬ በኩል ከደጋው ጫፍ ላይ ቁልቁል ወርዶ፣ በቀዝቃዛው አየር የተወለደውን ፍሬ ወደ ሞቃቱ ሜዳ ያደርሰዋል። ይህ ጉዞ በሰውም በእንስሳም ላይ የሚያደርሰው ድካም ቀላል አልነበረም፤ ቆላው የወባ አገር ነበርና፣ ደገኛው ነጋዴ ሸቀጡን አድርሶ ቶሎ ወደ ደጋው ለመመለስ ይቸኩል ነበር።

አሁን ለዚህ ሐተታ ዋና ወደሆነው ነገር እንደርሳለን። ሸክም የሚጓዘው መንገዱ በደረቀበት በበጋ ነው፤ መርከብ የሚመጣው ግን ወንዙ በሞላበት በክረምት ነው። በበጋ የባሮ ውሃ ስለሚጎድል የእንፋሎት መርከቦቹ ከካርቱም ተነሥተው ጋምቤላ መድረስ የሚችሉት ከሰኔ ገደማ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ባሉት ወራት ብቻ ነበር። ስለዚህ በጥቅምትና በኅዳር ተለቅሞ፣ በጥርና በየካቲት የወረደ ቡና፣ በዓመቱ ውስጥ እጅግ የበረታውን ሙቀት፣ ይኸውም የመጋቢትንና የሚያዝያን ትኩሳት በጋምቤላ መጋዘን ውስጥ ያሳልፋል፤ ክረምቱ ሲገባ ደግሞ የወንዙ ዳር እርጥበት ይጨመርበታል። በወደቡ ከቡና ቀጥሎ የሚላከው ሸቀጥ ሰምና ቆዳ ነበርና፣ ያልለፋ ጥሬ ቆዳ የሚሰጠውን ሽታ ለሚያውቅ ሰው፣ ሽታ የመሳብ ጠባይ ያለው ቡና በዚያ ሥፍራ ምን ያህል ጥንቃቄ ይሻ እንደነበር መገመት አያዳግተውም። የወደቡ ሚዛን የሚያውቀው ክብደትን ነው፤ መዓዛ ሲሸሽ ሚዛኑ አይናገርም። ገበሬው የለፋበትን ጣዕም የሚያስታውስ መዝገብ ስላልነበረ ቡናው በፈረሱላ ተቆጥሮ ገባ፣ በጆንያ ተቆጥሮ ወጣ።

ንግዱ ግን ታላቅ ነበር። መርከቦቹ ቡናውን ጭነው ባሮን ይወርዳሉ፤ ባሮ ከፒቦር ጋር ተገናኝቶ ሶባት ይሆናል፤ ሶባትም ከማላካል ከተማ በላይ ከነጭ ዓባይ ጋር ይቀላቀላል፤ ከዚያም በነጭ ዓባይ እስከ ካርቱም ይደረሳል። ከዚህ ቡና ብዙው በዚያው በሱዳን ይጠጣ ነበር፤ የሱዳንም ሰው እንደ እኛው በጀበና አፍልቶ፣ ዝንጅብል ጨምሮበት፣ በትንንሽ ሲኒ መጠጣቱ በባሮ መንገድ የተጓዘው ፍሬ ባዕድ ሆኖ እንዳልቀረ ይመሰክራል። መርከቦቹ ሲመለሱ ጨውና የጥጥ ልብስ ያመጣሉ፤ ጨው በምዕራቡ አገር ውድ ነበርና በየገበያው ይናፈቃል። ግሪኮችና ሶርያውያን ነጋዴዎች በጎሬና በጋምቤላ ሱቅና መጋዘን ከፈቱ፤ በየካቲት 1898 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክም በጎሬና በደምቢ ዶሎ ቅርንጫፍ፣ በጋምቤላ ደግሞ ወኪል ቢሮ አቆመ። በ1909 ዓ.ም. የጅቡቲው የባቡር ሐዲድ አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ እንኳ የምዕራቡ ቡና ባሮን አልተወም፤ ከጎሬ እስከ አዲስ አበባ ያለው የበቅሎ መንገድ እጅግ ረጅም ነበርና።

ቡናው በዚህ ዓይነት ወደ ውጭ ሲጎርፍ በደጋው ክርስቲያን ቤት ውስጥ ምን ይደረግ ነበር? ይህም ሊነገር ይገባል። በቀድሞ ዘመን ብዙ ካህናትና ምእመናን ቡናን የሌላ ሃይማኖት ሰዎች መጠጥ አድርገው ያዩት ስለነበር የሚጠጣ ክርስቲያን ይነቀፍ ነበር። በአፄ ምኒልክ ዘመን ግን ነገሩ ተለወጠ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ቡና ይጠጡ ነበር፤ ሊቀ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስም ያ ነቀፋ ከሕዝቡ ልብ እንዲወጣ ረድተዋል። ከዚህ በኋላ ቡና በኢትዮጵያውያን ቤት ያገኘው ሥፍራ የታወቀ ነው። ጉዝጓዙ ተጎዝጉዞ፣ እጣኑ ጢሶ፣ ረከቦቱ ቀርቦ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ጎረቤት ከጎረቤት የሚታረቅበት፣ የታመመ የሚጠየቅበት፣ የሞተ የሚታወስበት ሥርዓት ሆነ። ወደቡ ቡናን ሸቀጥ አድርጎ በመዘነበት ዘመን ቤቱ የማኅበርና የምርቃት መጠጥ አደረገው። በኋላ የምናገረውም ምክር የሚመነጨው ከዚህ የቤት ትውፊት ነው።

የወደቡ ዕድሜ ግን ረጅም አልሆነም። በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣልያ አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ የኢትዮጵያ መንግሥት ለጥቂት ወራት መቀመጫውን ወደ ጎሬ አዛውሮ ነበር፤ ያም የተስፋ ጊዜ በ1929 ዓ.ም. መጀመሪያ አከተመ። ሰኔ 1932 ዓ.ም. ኢጣልያ በእንግሊዝ ላይ ጦርነት ስታውጅ ጋምቤላ በኢጣልያኖች እጅ ወደቀች፤ በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዝ ጦር መልሶ ያዛት። ከዚያም ከቤልጅግ ኮንጎ የመጣው ጦር በጋምቤላ በኩል ወደ ደጋው ወጥቶ በሳዮ፣ ማለትም በደምቢ ዶሎ፣ ከኢጣልያው ጄኔራል ጋዜራ ጋር ተዋጋ፤ ጄኔራሉም ሰኔ 26 ቀን 1933 ዓ.ም. እጁን ሰጠ። የቡና ሸክም ይወርድበት የነበረው ቁልቁለት በዚያ ወራት የመድፍ መውጫ ሆነ። በመጨረሻም ታኅሣሥ 22 ቀን 1948 ዓ.ም. ሱዳን ነጻነቷን ባገኘች ጊዜ የኪራዩ ውል ዘመኑ ስለተፈጸመ ጋምቤላ ሙሉ በሙሉ ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር ተመለሰች። በዚያን ጊዜ ግን የመኪና መንገዶች ምዕራቡን ከአዲስ አበባ ጋር ማገናኘት ጀምረው ነበርና፣ የኢሉባቦርና የወለጋ ቡና ፊቱን ወደ ምሥራቅ መለሰ፤ ባሮም የቡና ጎዳና መሆኑ እየቀረ ሄደ።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ለዛሬው ቤተሰብ የሚተርፈው ትምህርት፣ እኔ እንደማምንበት፣ አንድ ነው፦ መልካም ቡና ማለት ከዛፉ እስከ ሲኒው ድረስ ያልተጣለ፣ በየደረጃው የተጠበቀ ቡና ነው። አገራችን ከምታመርተው ቡና ግማሽ ያህሉን ራስዋ ትጠጣለች፤ ይህን የሚያህል ጠጪ ሕዝብ በቡና አብቃይ አገሮች መካከል ብርቅ ነው። ነገር ግን ለብዙ ዘመን የቆየው ሥርዓት ለውጭ ገበያ የበቃው ቡና እንዲወጣ፣ ለዚያ ያልበቃውና ከዚያ የተመለሰው በአገር ውስጥ እንዲሸጥ የሚያዝ ስለነበር፣ እናቶቻችን በእጃቸው ከገባው ፍሬ ጸጋ ማውጣትን በብዙ ትዕግሥት ተማሩ። ያ ትዕግሥታቸው ዛሬ ከዕውቀት ጋር ቢጣመር የቤታችን ቡና በእጅጉ ሊሻሻል ይችላል።

አስቀድሞ ሲገዛ ነው። ቡና የሚገዛ ሰው ዋጋውን ከመጠየቁ በፊት ሦስት ነገር ቢጠይቅ ይጠቀማል፤ ከየት መጣ፣ እንዴት ደረቀ፣ መቼ ተለቀመ። ከኢሉባቦርና ከጅማ ደን የሚመጣው ጀንፈል ቡና ገላው የበረታ፣ ክብደት ያለውና የጫካ ጣዕም የሚታይበት ነው፤ የወለጋው ፍሬ ተለቅ ያለና የፍራፍሬ ቃና ያለው ነው፤ የይርጋ ጨፌው መዓዛው የአበባ ነው፤ የሐረሩም እንደ ደረቀ ፍራፍሬ ጥልቅ ቃና አለው። በ1960ዎቹ ዓ.ም. በኢትዮጵያ የተስፋፋው የእጥበት ጥበብ ልጣጩንና ዝልግልጉን አስቀድሞ ስለሚያስወግድ ጣዕሙን ጥርት ያደርገዋል፤ ጀንፈሉ ግን ከነልጣጩ ስለሚደርቅ ጣፋጭነቱ ወደ ፍሬው ይገባል። ከሁለቱ አንዱ የበላይ አይደለም፤ የሚያስነቅፈው የአዘጋጁ ስንፍና ብቻ ነው። ጀንፈል በመሬት ላይ በቀጥታ ሲሰጣ የአፈር ሽታ ይይዛል፤ ከመሬት ከፍ ብሎ በተሠራ አልጋ ላይ ሲሰጣና ቶሎ ቶሎ ሲገላበጥ ግን ንጹሕ ይሆናል፤ ቀይ ሆኖ ሳይበስል የተለቀመ ፍሬም የቱንም ያህል በሚገባ ቢደርቅ ምላስን የሚያኮማትር ጣዕሙ አይለቀውም።

ቀጥሎ ማኖር ነው፤ የጋምቤላ መጋዘን ታሪክ በይበልጥ የሚጠቅመንም በዚህ ነው። በሚገባ የደረቀ ቅሽር ቡና በውስጡ ከመቶ ከ10 እስከ 12 እጅ ያህል እርጥበት ይኖረዋል። ከዚህ በላይ ከሆነ ይሻግታል፤ በሙቀት ተቀምጦ እጅግ ከደረቀም ቀለሙ ከሰማያዊ አረንጓዴነት ወደ ነጣ ያለ ቢጫነት ይለወጣል፣ ሲፈላም የገለባ ወይም የእንጨት ጣዕም ይሰጣል። በቆላ አገር የሚኖር ቤተሰብ፣ በተለይም በጋምቤላ፣ ቡናውን በብዛት ገዝቶ ከማከማቸት ይልቅ ለጥቂት ሳምንታት የሚበቃውን እየገዛ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ፣ ከምድጃና ከፀሐይ በራቀ ጥላ ውስጥ ቢያኖር ይመረጣል። ከበርበሬ፣ ከሳሙናና ከነጭ ጋዝ አጠገብ ፈጽሞ አይቀመጥ፤ ከላይ እንደተነገረው ቡና የባልንጀራውን ሽታ ፈጥኖ ይቀበላል። አንድ ነገር ግን የአገራችንን ባለ ቡና ከሌላው ዓለም ጠጪ ይልቅ ዕድለኛ ያደርጋታል፤ ጥሬ ቡና በአግባቡ ከተያዘ ለብዙ ወራት ሲጠበቅ የተቆላ ግን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መዓዛው ይሸሻል፤ እርሷም በየዕለቱ ጥሬውን ስለምትቆላ፣ በሌላው ዓለም በብዙ ገንዘብ የሚገዛውን ትኩስነት በገዛ ምድጃዋ ላይ ታገኘዋለች።

ከመቁላት በፊት መልቀም ያስፈልጋል። የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበላውን፣ የጠቆረውንና የነጣውን ፍሬ አንድ በአንድ አውጥቶ መጣል የሥራ ፈት ልማድ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር፣ አንድ የበሰበሰ ፍሬ የአንድ ጀበናን ጣዕም ሊያበላሽ እንደሚችል ይወቅ። የተለቀመው ቡና በንጹሕ ውሃ ታጥቦ ውሃው በሚገባ ይንጠፍጠፍ፤ ከዚያም ምጣዱ አስቀድሞ ይጋል። በደጋ የበቀለና የጠነከረ ፍሬ ጠንከር ያለ እሳት ይችላል፤ ዝቅ ባለ ሥፍራ የበቀለው ወይም በሙቀት የቆየው ግን ለስላሳ ስለሆነ በመጠነኛ እሳት መቆላት አለበት፤ አለዚያ ላዩ ሲያርር ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ፍሬው መጀመሪያ ይገረጣል፣ ቀጥሎ የተቆላ እህል ይሸታል፣ ሙቀቱም ወደ 200 ዲግሪ ሲቃረብ ይንጣጣል። ከዚህ የመጀመሪያ መንጣጣት በኋላ ያሉት ጥቂት ደቂቃዎች የባለ ቡናይቱ ጥበብ የሚፈተንባቸው ናቸው። ቡናማ ሆኖ ገና ዘይቱ ወደ ላይ ሳይወጣ ያወረደችው የተራራውን ጣዕም ታቀምሳለች፤ እስኪጠቁርና እስኪወዛ የቆየችው ግን የየትም አገር ቡና ቢሆን አንድ ዓይነት የሆነውን የእሳትን ምሬት ታጠጣለች። ብዙ ቤት አጥቁሮ የመቁላት ልማድ ያለው፣ እንደሚመስለኝ፣ የተበላሸን ፍሬ ጉድለት በእሳት ለመሸፈን ከነበረው ችግር የተነሣ ነው፤ መልካም ፍሬ በእጁ የገባ ሰው ግን ይህን መሸፈኛ አያስፈልገውም። የተቆላውም ቡና ከምጣዱ ወዲያው ወርዶ በሰፌድ ላይ ቶሎ እንዲበርድ ይደረግ፤ በጋለ ምጣድ ላይ ከተተወ መቆላቱን አያቆምምና።

መውቀጥና ማፍላትም የየራሳቸው ሥርዓት አላቸው። ቡና በተወቀጠ ሰዓት መዓዛው መሸሽ ስለሚጀምር መወቀጥ ያለበት ጀበናው ለመፍላት በተቃረበ ጊዜ ነው። ለጀበና የሚሆነው ዱቄት እጅግ ከላመ ጭቃ ሆኖ ከቡናው ጋር ይቀዳል፣ እጅግ ከሻከረም ጉልበቱ በውሃው ውስጥ ሳይወጣ ይቀራል፤ ስለዚህ በመካከል ያለ ልክ ይሁን፣ አወቃቀጡም እኩል ይሁን። ውሃው የጠራ ይሁን፤ ከወንዝ የተቀዳ ከሆነ ጭቃው አስቀድሞ ይዝቀጥ፣ ይጣራም። ጀበናው ገንፍሎ ደጋግሞ እንዲፈላ መተው ምሬትን ያወጣል፤ አንድ ጊዜ አንገቱ ድረስ ሲወጣ ከእሳት አንሥቶ፣ አተላው እስኪዘቅጥ ጥቂት ደቂቃ በማቶቱ ላይ ዘንበል አድርጎ ማሳረፍ ይበቃል። ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ ጤና አዳም የሚወድ ይጨምር፤ ሁሉም የአባቶች ልማድ ነው። አንድን አዲስ ቡና በመጀመሪያ ቀን ያለ ቅመምና ያለ ስኳር በአቦሉ የቀመሰ ሰው ግን የፍሬውን እውነተኛ ጠባይ ያውቃል፤ ካወቀም በኋላ ምን እንደሚጨምርበት ይረዳል።

ይህን ሁሉ የማተት ምክንያቴ ለምላስ ደስታ ብቻ አይደለም። በጎሬ ቁልቁለት ላይ ሸክም ያወረዱት ሰዎች የደከሙበት ፍሬ ምን ይጣፍጥ እንደነበር አንድም መዝገብ አልጻፈልንም፤ ድካማቸው በክብደት ብቻ ተቆጠረ። ዛሬም በጎደሬ ደን ጥላ ሥር ቀይ ፍሬ የምትለቅመው ሴት፣ የበሰለውን ከጥሬው ለይታ፣ በአልጋ ላይ አስጥታ፣ ዝናብ ሲመጣ ሮጣ የምትሸፍነው፣ ለትጋትዋ ተገቢ ዋጋ የምታገኘው ጣዕሙን የሚያውቅና ስለ ጣዕሙ የሚከፍል ገዢ ሲኖር ነው። የአገር ውስጥ ጠጪ የቡናውን ትውልድ መጠየቅ ቢጀምር፣ አቅራቢው ይጠነቀቃል፣ ነጋዴው መጋዘኑን ያጸዳል፣ ገበሬውም ጫካውን መንጥሮ ሌላ ከመዝራት ቡናውን በጥላው ሥር መጠበቅ እንደሚያዋጣው ያያል። ሕግና ደንብ ብዙ ሊሠራ ይችላል፤ ነገር ግን በየቤቱ ረከቦት ዙሪያ የሚቀመጠው ቁጥሩ የበዛ ሕዝብ አዋቂ ጠጪ ሲሆን የሚመጣው ለውጥ ከማናቸውም ትእዛዝ ይልቅ የጸና ነው። ስለሆነም እናቶችና እኅቶች፣ ወጣት ባለ ሱቆችና በየመንገዱ ጀበና የምታቀርቡ ሁሉ፣ ነገ ወደ ገበያ በወጣችሁ ጊዜ ከዋጋው በፊት ጠይቁ፦ ይህ ቡና የየት አገር ነው፣ ማን አደረቀው፣ የትስ ቆየ? መልስ የማያውቀውን ሻጭ ትታችሁ የሚያውቀውን ምረጡ፤ ለልጆቻችሁም መልሱን እያስተማራችሁ አጠጧቸው።